ዛሬ ለሚጠብቀውና ነገ ለሚወለደው

ከሶዶ ከተማ ወጣ ብለን ዓይናችንን ስናነሣ ከኮረብታ ወደ ኮረብታ የተዘረጉ ታላላቅ የኤሌክትሪክ መስመሮችን እናያለን። ከእነርሱ ሥር ባሉ በብዙ ጎጆዎች ግን ዛሬም ራት የሚበስለው በማገዶ ነው፤ ልጆችም የሚያጠኑት በኩራዝ ወይም በአነስተኛ የፀሐይ መብራት ነው። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው የአበው ተረት ትዝ ቢለን አያስገርምም። ታዲያ ይህ በደል ነውን? ወይስ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነገር ነው?

ለመፍረድ ሳንቸኩል እንመርምር። በወላይታና በዳውሮ መካከል በኦሞ ወንዝ ላይ የሚገኘው የግልገል ጊቤ ሦስት ማመንጫ ሥራው በ1998 ዓ.ም. ተጀምሮ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ አቅሙም 1870 ሜጋ ዋት ነው። ከሶዶ ተነሥቶ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዘው መስመር ደግሞ ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለኬንያ ኃይል ያደርሳል። እንዲህ ያለው ከፍተኛ መስመር እንደ ቦኖ ውኃ በየመንደሩ የሚቀዳ አይደለም። ኃይሉ ወደ ጎጆ እንዲገባ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ትራንስፎርመር፣ የመንደር ምሰሶና ቆጣሪ ያስፈልጋል፤ ይህም ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል። ከሽያጩ የሚገኘው የውጭ ምንዛሪም ለዚሁ ሊረዳ ይችላል። ስለዚህ መስመሩ በላያችን ማለፉ ብቻውን በደል አይባልም።

ከዚህም በላይ ግድብ ከውጥኑ እስከ ፍጻሜው ዐሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚያቅድ መሥሪያ ቤት ገና ላልተወለደ ሕፃን ጭምር ያቅዳል፤ ይህም ከፍቅር ሥራ የሚቆጠር ነው። ዝናም ሊጎድል እንደሚችል አስቦ ከወንዝ ሌላ የአዳማንና የአሸጎዳን ነፋስ፣ የአሉቶ ላንጋኖንም የምድር እንፋሎት ማልማት አስተዋይነት ነው። ዮሴፍም በግብፅ በጥጋቡ ዘመን እህል ያከማቸው የረሃቡን ዘመን አስቦ ነበር።

ነገር ግን አንድ ነገር እናስተውል። ረሃቡ በመጣ ጊዜ ዮሴፍ ጎተራውን ከፈተ። ዕቅድ የሚመዘነው በሚያከማቸው ብቻ ሳይሆን ለማንና መቼ በሚከፍተውም ነው። በ2010 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ድረስ ለሁሉም ብርሃን ለማዳረስ አቅዶ ነበር፤ ዓመቱ ሲያልፍ ግን ብዙ ሚሊዮን ወገኖቻችን ገና በጨለማ ነበሩ። መዘግየት ሁልጊዜ ኃጢአት አይደለም። የሚጠብቀውን ሰው ተራው መቼ እንደሚደርስ፣ ለምንም እንደ ዘገየ ሳይነግሩ ማስጠበቅ ግን ክብሩን መንካት ነው። «ነገ» የሚለው ቃል ከዛሬ ግዴታ መሸሸጊያ ሊሆን አይገባውም።

ይህ ፍርድ በእኛም ላይ ይመለሳል። በታችኛው ኦሞ የሚኖሩ እንደ ዳሰነችና ኛንጋቶም ያሉ ወንድሞቻችን ወንዙ ሞልቶ ሲጎድል በሚተወው ደለል ላይ ያርሱ ነበር፤ ግድቡ ውኃውን ከያዘ ወዲህ ግን ያ የቀድሞው ሙላት ቀርቶባቸዋል። እኛ ብርሃን ስንሻ ዋጋውን የከፈለልንን ሰው ልንረሳ አይገባም። ያረፉት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በ2007 ዓ.ም. ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው መልእክታቸው፣ ለመጪው ትውልድ ማሰብ ለዛሬዎቹ ድኾች ከማሰብ እንዳይለይ አሳስበዋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ወደ ኦሞ ከሚያዘቀዝቀው ተዳፋታችን የሚታጠበው አፈር ወደ ግድቡ ሐይቅ ይወርዳልና እርከን በመሥራትና ዛፍ በመትከል የልጆቻችንን ብርሃን እንጠብቅ። የቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ ተራችን መቼ እንደሆነ በትሕትና፣ ግን ሳንፈራ እንጠይቅ። ትምህርተ ክርስቶስ የምታስተምሩ ወንድሞችና እኅቶችም፣ የጋራ ጥቅም ስለሚባለው ነገር ስታስተምሩ በመስመሩ ሥር ማገዶ ተሸክማ የምታልፈውን እናት አስቡ። ለነገው ሕፃን የታቀደው ዕቅድ መልካም የሚሆነው እርሷንም ሲቈጥር ነውና።