የማን ጽጌረዳ?

ሰበታም ይሁን ቡራዩ ወይም ሱሉልታ፣ አጥር ላይ ያየው ጽጌረዳ ልቡን የሳበው ሰው በር አንኳኩቶ «እማማ፣ እስቲ አንድ ዘንግ ይቁረጡልኝ» ቢል የሚያሳፍረው አይገጥመውም። ከነምክሩ ነው የሚሰጡት፤ ከአንጓው ሥር ቁረጠው፣ ሁለት ሦስት ቅጠል ብቻ አስቀርለት፣ እርጥብ አሸዋ ላይ ሰክተህ ጥላ ሥር አኑረው፣ ፌስታል አልብሰው። በወር፣ በወር ተኩል ሥር ይሰዳል። ጤና አዳሙም፣ አሪቲውም እንዲሁ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ሰጪዋ ምን ጎደለባት? ምንም። እንዲያውም መቀስ የነካው ግንድ ጎን እያወጣ ይበልጥ ይንዠረገጋል።

በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በእነዚህ ከተሞች ዙሪያ ግን ሌላ ጽጌረዳ አለች፤ በፕላስቲክ ቤት ውስጥ ለውጭ ገበያ የምታድግ። እንዲህ ባለ እርሻ የምትሠራ አንዲት የሰፈሬ ልጅ፣ ተከርክሞ ከተጣለ ክምር አንድ ዘንግ በነጠላዋ ጠቅልላ ስትወጣ ጥበቃው ያዛት። «ሌባ» ተባለች። ይህች ቃል ትከነክነኛለች።

ሌብነት ስንል ሌባው ሲያገኝ ባለቤቱ ያጣል። ላሜ ብትሰረቅ በረቴ ባዶ ነው። ከዘንግ የበቀለች ጽጌረዳ ግን ያችው እናቷ ናት፤ ዘር አልተደባለቀባትም፤ በመልክም በጠረንም ራሷ ነች። (የእርሻዎቹ አበባ ብዙውን ጊዜ በሌላ ጽጌረዳ ሥር ላይ የተቀጠለች ስለሆነች፣ በራሷ ሥር ስትቆም ጉልበቷ ሊያንስ ይችላል፤ እሱ ሌላ ነገር ነው።) አንዷ ሁለት ቦታ ቆመች እንጂ ከቦታዋ አልሄደችም።

አዳቃዩም ነገር አለው። አንዲት አዲስ ዝርያ ለማውጣት ዓመታት ይፈጃል፤ ስንትና ስንት ችግኝ አብቅሎ አንዷን ይመርጣል። ከዚያ በኋላ መቀስ ያለው ሁሉ እያባዛ ቢነግድባት ድካሙ ከንቱ ነው። ይህን አልክድም። የ1998ቱ የዕፅዋት አዳቃዮች መብት አዋጅ ቁጥር 481 (ኋላ በሌላ ተተክቷል) መብት የሰጠው ለዚሁ ነው። ሆኖም ያው አዋጅ ለንግድ ያልሆነ ማባዛትን ከክልከላው አውጥቶት ነበር። ሕጉ ከጥበቃው ይልቅ እማማን ይመስል ነበር ማለት ነው! ዝርያው ቀርቶ ዘንጓ ራሷ የእርሻው ንብረት ናት የሚል ቢመጣ፣ ይሁንለት፤ ግን የተጣለች ነበረች።

«ታዲያ በጤፋችን ለምን ተቆጣን?» ይባል ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ የጤፍ ዱቄት የአውሮፓ ፓተንት ተሰጠው። እ.ኤ.አ. በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱን በኔዘርላንድስ ውድቅ ሲያደርገው ደስ አለን። ጤፉ እኮ ሁልጊዜም ማሳችን ላይ ነበር፤ አንድ ዘለላ አልጎደለብንም። ያንገበገበን ዘሩ መሄዱ አይመስለኝም፤ የወሰደው ሰው ዞሮ አጥር ማጠሩ ነው።

ልጅቷ ምን አጠረች? ዘንጓንም ቢሆን ጥበቃው ከእጇ ተቀብሎ እዚያው ክምር ላይ መልሶ ጣላት።