የወደቀ ቅጠል የማን ነው?

እንግዳ በመጣ ወይም በዓል በደረሰ ጊዜ ቤታችንን ጠርገን ቄጠማ እንጎዘጉዛለን። ይህንንም የምናደርገው ለእግር ምቾት ብቻ ሳይሆን፥ የመጣውን ሰው ለማክበር መሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ የእርሻ ባለሙያዎች ይህንኑ ቃል ከሳሎን ወደ ጓሮ አውጥተው፥ በአትክልት መደብ ላይ የሚነጠፈውን ቅጠልና ጭድ «ጉዝጓዝ» እንደሚሉት ሰምተህ ይሆናል። ስሙ በመልካም የተመረጠ ይመስለኛል። እኔ ግን የምጽፍልህ ስለ ስሙ አይደለም፤ ጉዝጓዝ ፍለጋ ስወጣና ስገባ ስለ ገጠመኝ አንድ የኅሊና ጥያቄ ነው።

የምኖረው በሐዋሳ ነው። ከተማዋ በ1952 ዓ.ም. የተቆረቆረች፥ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በሐይቅ ዳር የተቀመጠች ናት። አፈሯ ከጥንት እሳተ ገሞራ የመጣ ስለ ሆነ በብዙ ስፍራ ቀላልና አሸዋማ ነው፤ ለመቆፈር ደስ ያሰኛል፥ ውኃ ለመያዝ ግን ሰነፍ ነው። በበጋ ጠዋት ያጠጡት መደብ ከሰዓት በኋላ አመድ መስሎ ይገኛል። ዝናብ በመጣ ጊዜ ደግሞ ጠብታው የተራቆተውን መሬት እየደበደበ ያደቀውና ቀዳዳውን ይደፍነዋል፤ ከዚያ ወዲያ ውኃው ወደ ታች መስረግ ትቶ ላይ ላዩን አፈሩን ይዞ ይሄዳል። የሐዋሳ ሐይቅ የሚገባበት እንጂ የሚወጣበት ወንዝ የለውም። ስለዚህ ከየግቢያችን ታጥቦ ወደ እርሱ የወረደ አፈር ከዚያ ወዲያ መሄጃ የለውም። ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ ጨለለቃ የሚባል ሐይቅ ነበረ። ከ50 ዓመት በፊት ውኃ የነበረው ዛሬ ረግረግ ሆኖ ከብት ይሰማራበታል፤ ከምክንያቶቹም አንዱ ከደጋው እየታጠበ የወረደ ደለል ነው።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ፥ ለብዙ ዓመት በየማለዳው ግቢዬን እንደ ራስ ቅል እላጨው ነበር። የተላጨ ግቢ ንጹሕ ግቢ ነው ተብሎ ያደገ ሰው ሌላ ምን ያደርጋል? ቅጠሉን በአንድ ጥግ ከምሬ በእሳት አቃጥል ነበር፤ ጢሱም ጎረቤቱን ሁሉ ያስነጥስ ነበር። የሲዳማ ገበሬ ግን ከእኔ ብዙ ዘመን ቀድሞ እንሰቱን በቤቱ ዙሪያ ተክሎ፥ ፍጉንና የደረቀውን ቅጠል ወደዚያው ወደ ሥሩ እየመለሰ ይኖራል። እኔ የከተማ ሰው መሆኔን ያወቅሁት ይህን በተመለከትሁ ጊዜ ነው።

እንግዲህ ልቤ ተመለሰና ጉዝጓዝ ፍለጋ ጀመርሁ። ሁሉም ዓይነት አንድ አይደለም። የጤፍ ጭድ መልካም ነው፤ ነገር ግን ለከብት መኖ፥ ለቤት መምረጊያ ጭቃም ማጠናከሪያ የሚሆን ነገር ስለ ሆነ፥ ላም ያለችው ሰው በጎመን ሥር ተበትኖ ሲያየው ያዝናል። በአናጢ ቤት የሚጣለው ሰጋቱራ በነጻ ይገኛል፤ ሆኖም በሚበሰብስበት ጊዜ የአፈሩን ናይትሮጅን ስለሚሻማ፥ ከአፈር ጋር ቢደባለቅ ቡቃያውን ያቀጭጨዋል። የቡና ገለፈት ጥሩ ነው፥ ሲያብላሉት ደግሞ ይበልጥ ያምራል። ፍሬ የያዘ ሣር ያነጠፈ ግን አረሙን በገዛ እጁ ዘራ። የባሕር ዛፍ ቅጠል የሌላውን ተክል ቡቃያ የሚያዳክም ነገር አለበት። ከሁሉ የተሻለልኝ በመንገዳችን ዳርና ዳር የሚረግፈው የአቮካዶና የማንጎ ቅጠል ነው። መሬቱን በደንብ አጠጥቶ፥ ችግኙ ከጸና በኋላ፥ አራት ጣት ያህል ውፍረት አድርጎ ማልበስ ነው፤ ከግንዱ ግን ትንሽ ማራቅ ያስፈልጋል፥ እርጥበት ታቅፎ የዋለ ግንድ ይበሰብሳልና። ምስጥም እንዳይገባበት አልፎ አልፎ ገለጥ አድርጎ ማየት ነው።

ስለዚህ በጥቅምት ወር አንድ ማለዳ ማዳበሪያ ይዤ ወጣሁና መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ጠረግሁት። (ጆንያውን «ማዳበሪያ» የምንለው የፋብሪካ ማዳበሪያ ሲመጣበት ስለኖረ ነው፤ በዚያ ቀን እውነትም ለስሙ የሚገባ ሥራ ሠራ።) በማግሥቱ አንዲት ጎረቤቴ፥ ባላቸው የሞቱባቸው እናት፥ በበሬ ላይ ቆመው፥

«ልጄ፥ መንገዱን ማን ጠረገው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ፥ እማማ» አልኋቸው፤ ምስጋና እጠብቅ ነበር።

«እግዜር ይስጥህ። እኔ እንኳ ለዛሬ ሊጥ አቡክቼ ነበር» አሉና፥ ባዶውን ማዳበሪያቸውን አጥፈው ተመለሱ።

እኚህ ሴት ለዓመታት እንጀራቸውን የሚጋግሩት በዚያ ቅጠል ነው። እኔ ተኝቼ ሳለሁ ጠርገው ስለሚሄዱ አይቼአቸው አላውቅም። በአዲስ አበባ ከእንጦጦ ተራራ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች አይቼ ያዘንሁ ሰው፥ በገዛ ደጄ ያለችውን አላየሁም።

በመጀመሪያ ራሴን ለመከላከል ሞከርሁ። ቅጠሉ በመንገድ ላይ ወድቋል፥ የመንገድ ነገር ደግሞ ያገኘው ሰው ነው አልሁ። ነገር ግን አንድ ሰው ለብዙ ዘመን ሳይጣላ፥ ሳይሰርቅ፥ ኑሮውን ያቆመበት ነገር ባለቤት የለውም ማለት ይቻላልን? በወረቀት ላይ ስላልተጻፈ ብቻ? ሁለተኛም፥ ዛፍ ቅጠሉን ያበቀለው ከምድር ተበድሮ ነውና ለምድር መመለስ ዕዳ መክፈል ነው አልሁ። ይህ የተሻለ ክርክር ነው፤ ዛሬም እውነትነቱን አልክድም። ቅጠል ሲቃጠል አብዛኛው በጎ ነገሩ በጢስ ይሄዳል፥ የሚተርፈው አመዱ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ የራስን ዕዳ በሌላ ሰው ገንዘብ የሚከፍል ሰው ታማኝ ተብሎ ሊመሰገን አይገባውም። በመጨረሻ፥ ጎመን ስለምሰጣቸው እንካካሳለን ብዬ አሰብሁ። ይህንንስ ሳስበው አፈርሁ፤ ጎመን ተሰጠኝ ብሎ ጥሬ ሊጥ የሚበላ ሰው የለም።

ወጣት አንባቢዬ፥ ክፉና ደግ ቢጣሉ ምርጫው ባልከበደ ነበር። እዚህ ላይ የተጣሉት ግን ሁለት ደግ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ምድርን አለማራቆት፥ ሁለተኛው የድሀን ምድጃ አለማጥፋት። ለምድር የሚቆረቆር ሰው ትክክለኛ መሆኑን በጣም ስለሚያምን፥ በመንገዱ ላይ ያለውን ሰው ሳያይ የሚረግጥበት ጊዜ አለ፤ እኔ ራሴ ይህን አድርጌአለሁ።

ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። ስንነጋገርም አንድ ነገር ተገለጠልኝ። እማማ የአቮካዶን ቅጠል የሚያነድዱት ሌላ ሲያጡ ነው፤ ይጨሳል፥ ዓይን ያስለቅሳል። የሚወዱት የባሕር ዛፉን ነው፤ ዘይት ስላለው ከምጣድ ሥር ቦግ ብሎ ይነድዳል። ለእኔ መደብ የማይሆነው ለእርሳቸው ምጣድ የተመረጠ ነበረ። ስለዚህ ባሕር ዛፉና ጭራሮው ለእርሳቸው፥ ለስላሳው ቅጠል ለእኔ ሆነና ሁለት ዓመት በሰላም ኖርን።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። ዳሩ ግን መንገዱ ሲሰፋ ባሕር ዛፎቹ ተቆረጡ። የቀረው የአቮካዶና የማንጎ ቅጠል ለሁለታችን አይበቃም። አሁን ከአራቱ መደቦቼ ሁለቱን ብቻ አለብሳለሁ። የለበሱትን በሦስት ቀን አንድ ጊዜ ሳጠጣ፥ የተራቆቱትን በበጋ ጠዋትና ማታ አጠጣለሁ፤ እንዲያም ሆኖ ቃሪያው በእነርሱ ላይ ያነሰ ነው። እማማ በጋገሩ ማግሥት አመዳቸውን በጣሳ ይዘው ይመጣሉ፤ እኔም ተቀብዬ በእነዚያ በሁለቱ ላይ እበትነዋለሁ።