የተነሱባት ነጥብ

ቴኳንዶ ብዙ ሕግ አለው። ልቤን የሚይዘው ግን አንዱ ነው፤ ማንኛውም ፓተርን፣ ማለትም በቅደም ተከተል የሚሠራ የእንቅስቃሴ ስብስብ፣ በተጀመረበት ነጥብ ላይ መጨረስ አለበት። ሰልጣኙ ወደ ግራ ሄዶ፣ ወደ ቀኝ ዞሮ፣ ወደ ፊት ገፍቶ፣ ወደ ኋላ አፈግፍጎ ሲያበቃ እግሩ መጀመሪያ ቆሞባት የነበረችው ቦታ ላይ ማረፍ ይገባዋል። አጠገቧ ሳይሆን እሷው ላይ። ቡጢው ቢያምርም ባያምርም፣ ከነጥቧ አንድ ጫማ ርቆ የቆመ ሰው መንገድ ላይ የሆነ ነገር ጥሏል። ምን እንደጣለ፣ የት እንደጣለ ማወቅ ነው የሥልጠናው ትልቁ ድካም።

እኔ በምናገርለት ሥርዓት ነጭ ቀበቶ የታጠቀ ጀማሪ መጀመሪያ የሚማረው ፓተርን ቾንጂ ይባላል። 19 እንቅስቃሴ አለው፤ መከላከልና መምታት፣ እንደገና መከላከልና መምታት፣ በአራቱም አቅጣጫ። በይፋት ምድር ባለችው ሸዋ ሮቢት ይህን የሚለማመዱ ልጆችን ለማየት በጠዋት መነሳት ወይም ፀሐይ እስክትበርድ መጠበቅ ያስፈልጋል። እኩለ ቀን ላይ የቆላው ሙቀት እንኳን ለእርግጫ፣ ጥላ ሥር ለመቀመጥም አይመችም። ንጋት ላይ ግን ሜዳው ቀዝቀዝ ይላል፤ አቧራውም ገና ሰው ስላልሄደበት እግር የረገጠውን ሁሉ ይመዘግባል።

ይህ አቧራ በትልልቅ ከተማ ጂሞች ውስጥ ከሚነጠፈው ማት የሚበልጥበት ነገር አለ። ማት ላይ ዱካ አይቀርም። እዚህ ግን ልጁ ቾንጂን ጨርሶ ሲቆም መሬቱ ላይ መስቀለኛ ቅርጽ ተስሎ ይቀራል፤ አራት ክንድ፣ አንድ መሃል። አሰልጣኙ አስቀድሞ በእግሩ አውራ ጣት መሬቱን ጫር ጫር እያደረገ ለእያንዳንዱ ልጅ ምልክት ያበጅለታል። «ጁንቢ!» (ተዘጋጁ) ሲል ሁሉም በየምልክቱ ላይ ይቆማል። ቆጠራው በኮሪያኛ ነው፤ ሃና፣ ዱል፣ ሴት፣ ኔት። እስኪያልቅ ድረስ ወደ እግሩ ማየት ለማንም አይፈቀድም። «ባሮ» (ተመለሱ) ከተባለ በኋላ ነው ሁሉም አንገቱን ሰብሮ ምልክቱን የሚፈልገው።

አንድ ጠዋት ከአንዱ ልጅ ዱካ አጠገብ ቁጢጥ ብዬ አየሁ። በግራ በኩል ያለው ክንድ ከቀኙ ያጥራል። ወደ ቀኝ ሲሄድ በሙሉ ልቡ ተራምዷል፤ ወደ ግራ ሲሄድ ግን እግሩን ቆጥቧል። የዞረበት ቦታ ላይ ተረከዙ ተጎትቶ ግማሽ ክብ የሆነ ጭረት ትቷል፤ በእግሩ ፊተኛ መዳፍ ላይ መሽከርከር ሲገባው ክብደቱን ወደ ኋላ ጥሎ ስለዞረ ነው። በዚህ ሁሉ ምክንያት ምልክቷ ከግራ እግሩ ውጭ ቀርታለች። አሰልጣኙ መጥቶ አጠገቤ ቆመ፣ ዱካውን አየ፣ ከዚያ ልጁን ቀና ብሎ እያየ «ግራህን ፈርተኸዋል» አለው። ሌላ ምንም አልጨመረም። ልጁ ዱካውን በጫማው ደምስሶ እንደገና ቆመ።

የቾንጂ የመጀመሪያው አጋማሽ አቋቋም ርዝመቱ የራስን ትከሻ ስፋት አንድ ተኩል ጊዜ ያህላል፤ ክብደቱ ለሁለቱ እግሮች እኩል ይከፈላል። በሁለተኛው አጋማሽ መከላከሉ በሌላ አቋቋም ነው፤ ከክብደቱ 70 በመቶው የኋላ እግር ላይ፣ 30 በመቶው የፊተኛው ላይ ያርፋል። ልጁ ሚዛን የለውም፣ መስታወት የለውም። ሰባ በመቶ የሚሆነውን ከውስጥ ነው የሚሰማው። የቆመ ሰው ክብደት መሃል ከእምብርት ጥቂት ጣት ዝቅ ብሎ፣ ከሆዱ ጥልቅ ከወገብ አጥንቱ ፊት እንደሚገኝ የሰውነት ሳይንስ ይናገራል። ኮሪያውያንም ከእምብርት በታች ያለውን ያንኑ ቦታ ዳንጀን ብለው የትንፋሽና የኃይል ማደሪያ አድርገውታል። ሁለቱ ወገኖች በተለያየ መንገድ ሄደው እዚያው ሆድ ውስጥ መገናኘታቸው ሁልጊዜ ያስደስተኛል። ውሃ የሞላ ጀሪካን አዝላ ከወንዝ ዳገቱን የምትወጣ የይፋት ልጅ ይህን ማንም ሳይነግራት ታውቀዋለች፤ ጉልበቷን ሸብረክ፣ ወገቧን ዝቅ አድርጋ ነው የምትራመደው። ሜዳው ላይ ሴቶቹ ልጆች አቋቋሙን ፈጥነው የሚይዙት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ከ19ኙ እንቅስቃሴዎች ግን ረጅም ጊዜ ያቆዩኝ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው። 17ኛው ላይ ቀኝ እግር ወደ ፊት ይገባል፣ ቀኝ እጅ ይመታል። 18ኛው ላይ ያው እግር ወደ ኋላ ይሳባል፤ ቡጢው ግን ወደ ፊት ይሄዳል። 19ኛውም እንደዚሁ ነው፣ በሌላው እግርና እጅ። ዓይን ፊት ለፊት እንዳየ፣ እጅ ፊት ለፊት እየመታ፣ እግር ወደማያየው ቦታ ይሄዳል። አብዛኛው ጀማሪ የሚበላሸው እዚህ ነው። ወደ ፊት ሲሄድ የረዘመው እርምጃ ወደ ኋላ ሲሆን ያጥራል፤ ደረቱም ወደ ፊት ያዘነብላል። ስለዚህ ሲጨርስ ነጥቧን አልፎ ከፊቷ ይቆማል።

ይህ የእግር ድክመት ብቻ አይመስለኝም። እኛ አገር ጀግና የሚመሰገነው ወደ ኋላ የማይል ተብሎ ነው። ልጁ ይህን ሰምቶ አድጓል፤ ወደ ኋላ መሄድ ከሰውነቱ ጋር የተጣላ ነገር ነው። ቾንጂ ግን ገና በመጀመሪያው ትምህርት ወደ ኋላ መሄድንም በክብር እንዲማር ያዘዋል፤ ሳይሸሽ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ ኃይሉን ሳይለቅ፣ ልክ የገፋውን ያህል እንዲመለስ። ሙሉ እርምጃ ወደ ኋላ መራመድ ሙሉ እርምጃ ወደ ፊት ከመራመድ የበለጠ ድፍረት ይጠይቃል ብዬ አምናለሁ። ተረከዝ የሚያርፍበትን መሬት ሳያይ ማመን አለበት።

መሬትን ማመን ደግሞ በይፋት ቀላል ነገር አይደለም። ከአዲስ አበባ የተነሳ መንገደኛ ጣርማ በር ላይ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ዋሻውን አልፎ በደብረ ሲና፣ በአርማኒያ በኩል እየተጠማዘዘ ሲወርድ ጆሮው ይደፈናል፣ ጋቢው ከትከሻው ይወርዳል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው ወደ 1300 ሜትር ገደማ ወርዶ ማሽላና ማሾ፣ ሽንኩርትና ማንጎ ይቀበሉታል። አገሩ ራሱ በደጋውና በስምጥ ሸለቆው መካከል የተንጠለጠለ ተዳፋት ነው። በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፈራርሶ በካራቆሬም ብዙ ቤት ጥሏል። ሰውም እንደ መሬቱ ሲነቃነቅ የኖረ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የወላስማ ሥርወ መንግሥት የይፋትን ሱልጣኔት ሲያቋቁም ጉልበቱ የነበረው ከዘይላ ወደ ደጋው በሚወጣው የነጋዴ መንገድ ላይ መቀመጡ ነው። ዛሬም የደሴ መንገድ ሸዋ ሮቢትን አቋርጦ ያልፋል፤ ከባድ መኪና ይመላለስበታል፣ ወጣቱም ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ጅቡቲ፣ ወደ ሳውዲ ያማትራል። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት እዚሁ ከተማ ውስጥ ገብቶ ነበር። ከሜዳው ልጆች ብዙዎቹ የመሣሪያ ድምፅ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። እንዲህ ባለ ቦታ አንድ ሰው መሬት ላይ ምልክት ጭሮ ለልጅ «ወደዚህ ተመለስ» ሲለው ትንሽ ነገር አድርጌ ማየት አልችልም።

ሥልጠናው ሲጀመርና ሲያልቅ ልጆቹ ጎንበስ ብለው ለአሰልጣኙ ሰላምታ ይሰጣሉ። ይህ አንዳንድ ወላጆችን ያሳስባል። አንድ ሽማግሌ የልጅ ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው ይህን አይተው ቆሙ።

«ስማኝ ልጄ፣ ይሄ የምታጎነብሱት ስግደት ነው ወይ?» አሉት አሰልጣኙን።

«አይደለም ጋሼ። እርስዎን መንገድ ላይ ስናገኝዎ እጅ የምንነሳው ዓይነት ነው።»

«እንግዲያ እሱስ የኛው ነው» ብለው ባርኔጣቸውን አነሱለት።

እውነትም ብዙው ነገር የኛው ነው። ከልጆቹ ከፊሉ ከሱብሒ ሶላት፣ ከፊሉ ከኪዳን ጸሎት ተመልሶ ነው ወደ ሜዳው የሚመጣው። በሶላት ሰልፍ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ መቆም፣ መጎንበስ፣ ግንባርን መሬት ማስነካት፣ ተመልሶ መቀመጥ ልጁ ሳይናገር የተማረው የሰውነት ሥርዓት ነው። በማኅሌት ሌሊቱን ሙሉ በመቋሚያ ተደግፈው የሚያድሩትን ሊቃውንት ያየ ልጅም ቆሞ መቆየት ራሱን የቻለ ትጋት እንደሆነ ያውቃል። ቴኳንዶው እነዚህን አይተካም፣ ሊተካም አይሞክርም። ሰውነታቸው አስቀድሞ የሚያውቀውን ቁምነገር በሌላ በር ገብቶ ያገኘዋል።

የመጣበት መንገድም ያስገርማል። ለኮሪያ ጦርነት የዘመቱት የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በ1943 ዓ.ም. ፑሳን ሲያርፉ ቴኳንዶ የሚባል ስም ገና አልወጣም፤ ስሙ የጸደቀው በ1947 ዓ.ም. ነው። በጦርነቱ ዓመታትና ከዚያ በኋላ ከ6000 በላይ ኢትዮጵያውያን በየተራ ወደዚያ ዘምተው ከ120 በላይ ወድቀዋል፤ በጦርነቱ አንድም አልተማረከም። ስሙን ያወጣውና እኔ የምናገርለትን የፓተርን ሥርዓት የዘረጋው ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ ነው። ጃፓን አገር ሲማር ካራቴ አጥንቷል፤ በጃፓን ጦር ውስጥ በግዳጅ ተመልምሎ ሳለ በነፃነት ሤራ ተከሶ ፒዮንግያንግ ታሰረ። እንደሚተርከው ልምምዱን ያላቋረጠው እዚያው ክፍሉ ውስጥ ነው፤ በኋላ እስረኛውና ጠባቂውም አብረውት መሥራት ጀመሩ። ሸዋ ሮቢትም በማረሚያ ቤቷ ስሟ ስለሚነሳ ይህን ታሪክ እዚህ ማውራት የተለየ ክብደት አለው። ቾይ የኋላ ኋላ ከደቡብ ኮሪያ መንግሥት ጋር ተቃቅሮ በካናዳ በስደት ኖረ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ያረፈው በዚያው ታስሮባት በነበረችው ፒዮንግያንግ ነው። ፓተርኖቹን 24 ያደረጋቸው የሰው ዕድሜ ከዘላለም አንፃር የአንድ ቀን ያህል ነው በሚል፣ በቀኑ ሰዓቶች ልክ ነው።

ውድድሩና ሜዳሊያው ሌላ ጎዳና ነው፤ እሱም ያኮራል። ሰለሞን ቱፋ በቶኪዮ ኦሊምፒክ በ58 ኪሎ ሲሰለፍ ለኢትዮጵያ በቴኳንዶ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ተሳታፊ ነበር። ፓተርን ውስጥ ግን ተጋጣሚ የለም። ስለዚህ የሚሳበብበት ሰው የለም።

አእምሮም የሚገለጠው በዚህ ነው። አቋቋሙን ለብዙ ጊዜ የሠራ ሰው እግሩ በራሱ ይሄዳል፤ ያኔ አሳቡ ሾልኮ ይወጣል። ስለ ትናንት ጭቅጭቅ፣ ስለ ዕዳ፣ ስለ ልጅ ሕመም እያሰብኩ 19ኙን ሁሉ ሳልስት ሠርቼ አውቃለሁ። ስጨርስ ነጥቧ ላይ አልነበርኩም። አሳቤ የወጣበትን ጊዜ ራሴ አላስታውስም፤ ዱካው ግን የትኛው ክንድ ላይ እንደወጣ ያሳያል። አሳቤን በኃይል ልይዘው ስሞክር ሰውነቴ ይገተራል፣ ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ይወጣል፣ ትንፋሼ ደረቴ ላይ ይቀራል። የሚሆነው ትንፋሹን ቡጢው በሚያርፍበት ቅጽበት ማውጣት፣ ሆድን ያኔ ብቻ ማጥበቅ፣ ከዚያ መልቀቅ ነው። አሳብ ይወጣል፤ በሚቀጥለው ትንፋሽ ይመለሳል። የሰው መሃል አንዴ ተገኝቶ የሚቀመጥበት ወንበር ቢሆን ኖሮ ሰልጣኙን ቀጥ ብለህ ቁም ብሎ መተው ይበቃ ነበር። ፓተርኑ ግን በአራት አቅጣጫ ይልከዋል፤ ያልወጣ ሰው መመለስን አይማርም።

ከሜዳው ልጆች አንዱ አድጎ ሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ለእረፍት መጥቶ ስንገናኝ ልምምዱን ትቶ እንደሆነ ጠየቅሁት። አልተወም። በዶርሙ ሁለት አልጋዎች መካከል፣ ጓደኞቹ ሳይነቁ ቾንጂን ይሠራል። ሙሉ እርምጃ የሚያስኬድ ቦታ ስለሌለው አሳጥሮታል። መጀመሪያ ወደ በሩ ያለውን ብቻ ያሳጥር ነበር፤ ሁልጊዜ መስኮቱ ሥር ሄዶ ይቆማል። ቆይቶ አራቱንም እኩል አሳጠራቸው፤ ወደ ኋላ የሚሄዱትን ሁለቱንም ጨምሮ።