የዘጋ ይመግብ!



ቂርቆስ ውስጥ በጠባብ ግቢ ዶሮ የምታረቡ ወንድሞችና እህቶች፦ አንድ ጠዋት የጎዳና ድመት ጫጩቶቻችሁን ፈጅታ ብታገኙ ምን ታደርጋላችሁ? «ሥጋ ላይ መርዝ አድርጉና ጣሉላት» የሚል ጎረቤት አይጠፋም።

ቆይ! በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ ሰው ዕቃውን ጭኖ ሄደ። ቤቱ የፈረሰባት ድመትስ ምን በልታ ትደር? ድመት ሐላልና ሐራም አትለይም። የሚጠየቀው ዐቅል የተሰጠው ነው።

ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን ሐዲስ አስታውሱ፦ አንዲት ሴት ድመት ዘጋችባት፤ ራሷም አልመገበቻትም፣ አድና እንድትበላም አልለቀቀቻትም። ድመቷ ሞተች፤ ሴትዮዋ እሳት ገባች። ማደን የድመት ተፈጥሮ ነው። እንግዲህ የሚዘጋው የዶሮው ቤት ነው፦ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት ሽቦ ምቱበት፤ ዶሮዎቹን ከመግሪብ በፊት አስገቡ፤ ጫጩቶቹን እስኪጠነክሩ ቀንም አታውጧቸው።

ግን ልብ በሉ! በሩን የዘጋችሁ ዕለት ሐዲሱ ወደ እናንተ ዞሯል። ጫጩቶቹ ከእንግዲህ ወጥተው፣ ጭረው መብላት አይችሉም፤ ጥሬያቸውም ውኃቸውም በእጃችሁ ነው። ድመቷን ያልበደለ ሰው ዶሮውን አስርቦ እንዳይጠየቅ!

አላህ በእጃችን ላለ ደካማ የምንራራ ያድርገን። አሚን።