ሰዓት ስምምነት ነው

እህቶቼ፣ ኩዌትና አዲስ አበባ ጊዜያቸው አንድ ነው፤ የሚለየው አቆጣጠሩ ነው። እነሱ ከእኩለ ሌሊት ይቆጥራሉ፣ እኛ ከንጋት። እነሱ 7 ሲሉ እኛ 1 እንላለን።

የማዳም ልጅ ለትምህርት ቤት አዲስ ዓይነት ሰዓት ሥሪ ተብላ፣ ካርቶን ላይ ሁለት ረድፍ ቁጥር ጻፍን፤ በእነሱ 7 ሥር የእኛ 1፣ በ12 ሥር 6። ሰዓት ቆጣሪው ግን ለሁለቱም አንድ ነው። «ትክክሉ የቱ ነው?» አለችኝ። «ሁለቱም» አልኳት። ፀሐይዋ አንድ ናት፤ ቁጥሩ የሰው ስምምነት ነው።

የሥራ ሰዓትም እንደዚያው። በፈረንጆች 2015 የወጣው የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ በቀን ከ12 ሰዓት በላይ አታሠሩ ይላል፤ ሰዓት ቆጣሪው አንዴ ዞሮ እስኪመለስ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለውስ የማን ነው? እኔ የሸጥኩት ጉልበቴን ነው እንጂ ዕድሜዬን አይደለም። አንድ ወገን ብቻውን የወሰነው ደግሞ ስምምነት አይባልም፤ ትእዛዝ ነው።