ይቅር ባይ ደጋን

ቀስተኞች «ይቅር ባይ» የሚሉት ደጋን አለ። መጀመሪያ ስሰማ ሳቅኩ፤ እንጨት ምኑን ይቅር ይላል? ነገሩ ግን ቀላል ነው። ጅማቱ ከእጀታው ራቅ ብሎ ሲወጠር፣ ፍላጻው ቶሎ ከጅማቱ ይላቀቃል፤ የእጅ መንቀጥቀጥ የሚያበላሽበት ጊዜ ያጥራል። ዋጋ አለው፦ ፍጥነት ይቀንሳል።

ያደግኩት ካዛንቺስ፣ ብዙ ቤተሰብ በሚኖርበት ግቢ ነው። እናቴና ጎረቤታችን ጠዋት ቢጣሉ ከሰዓት ቡና ይጠራሩ ነበር። ደግነት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ቧንቧውም አንድ፣ በሩም አንድ ነበር፤ ኩርፊያ የሚያድግበት ጊዜ አልነበረውም። እሱም ዋጋ ነበረው፦ የጓዳህን ሁሉም ያውቃል።

በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ተበታተንን። ከአብሮ አደጌ ጋር በአንድ የስልክ መልእክት ተቀያየምን፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። ጸባችን ከእናቶቻችን ጸብ አይብስም። ጊዜ አግኝቶ ነው ያደገው።

ደጋኑ ስህተትን አይሰርዝም፤ የሚሠራበትን ጊዜ ያሳጥራል እንጂ። ይቅርታም እንደዚያ ይመስለኛል። በዳዩ እሱ ነው ብዬ አሁንም አምናለሁ። ግን ቡና የሚጠራን ግቢ የለም፤ ጊዜውን የሚያሳጥር ሰው ያስፈልጋል። ዋጋው ኩራቴ ነው። ዛሬ ማታ እደውልለታለሁ።