ለኑኃሚን የሚቃርምላት ማን ነው?



በአገራችን ሽማግሌዎች ሲመርቁ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣችሁ» ይላሉ። ይህ ምርቃት ቃሉ ያጠረ ይሁን እንጂ የአንድን ሕዝብ የሥራና የኑሮ ሥርዓት በውስጡ የያዘ ነው። ሰው ጉልበት ሳለው ሠርቶ ልጆቹን ያሳድጋል፤ ጉልበቱ ሲደክም ያሳደጋቸው ልጆች ይጦሩታል። ነገር ግን የጧሪው ቁጥር እያነሰ የተጧሪው እየበዛ ሲሄድ ምን ይሆናል? ይህ ጥያቄ ዛሬ ብዙ አገሮችን የሚያስጨንቅ ሆኗልና እኛም በቅዱስ መጽሐፍ ብርሃን ልንመረምረው ይገባናል።

ለአብነት ያህል ኢጣልያን እንመልከት። በዚያች አገር ከ4 ሰዎች አንዱ ያህል ዕድሜው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ 577 ሺህ የሚጠጉ ሕፃናት ሲወለዱ በ2024 የተወለዱት ግን 370 ሺህ ገደማ ብቻ ነበሩ። የዛሬው ጡረተኛ አበል በአብዛኛው የሚከፈለው የዛሬው ሠራተኛ ከሚያዋጣው ገንዘብ በመሆኑ፥ ሠራተኛው ሲቀንስ ሸክሙ በጥቂቶች ትከሻ ላይ ይወድቃል። ስለዚህም መደበኛው የጡረታ ዕድሜ ከ2019 ጀምሮ 67 ዓመት ሆኗል። ወጣቶቻቸው የተሰደዱባቸው መንደሮችም አሉ፤ በሲሲሊ ደሴት የምትገኘው ሳምቡካ በ2019 ሰው የለቀቃቸውን ቤቶች ከ1 ዩሮ በሚጀምር ዋጋ ለሽያጭ አቅርባለች።

ታዲያ በየቤቱ የቀሩትን አረጋውያን የሚያነሣቸው፥ የሚያጥባቸው፥ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ የሚሰጣቸው ማን ነው? በ2023 በዚያች አገር በሕግ ተመዝግበው በቤት ውስጥ አገልግሎት የሚሠሩት ከ800 ሺህ በላይ ሲሆኑ አብዛኞቹ የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። አረጋውያንን የምትንከባከበውን ሴት በዚያ አገር «ባዳንቴ» ይሏታል። ከ1960ዎቹና ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሄዱ ብዙ እኅቶቻችን በዚያ አገር ቤቶች ሲያገለግሉ ኖረዋል። የቤቱ ልጅ ያለ ሥጋት ወደ ቢሮዋ የምትሄደው እናቷን የምትጠብቅላት ሌላ ሴት ስላለች ነው። የዚያች የሌላይቱ ሴት እናት ግን በሩቅ አገር ታረጃለች፤ በየወሩ ገንዘብ ቢላክላትም ውኃ የምታቀብላት ልጅ አጠገቧ የለችም።

ይህን ስናስብ መጽሐፈ ሩት ትዝ ይለናል። ኑኃሚን ባልዋንና ሁለት ወንዶች ልጆችዋን በባዕድ አገር ቀብራ ባዶ እጅዋን ወደ ቤተ ልሔም የተመለሰች አሮጊት ነበረች። ከሞት የጠበቃት ምን ነበር? ሦስት ነገሮች ነበሩ። የመጀመሪያው የሩት ፍቅር ነው፤ ሞዓባዊቱ ምራትዋ አልለይሽም ብላ ተከትላታለች። ሁለተኛው ሕግ ነው፤ አዝመራ የሚያጭድ ሰው ቃርሚያውን ለድኻና ለስደተኛ እንዲተው የሙሴ ሕግ ያዝዝ ነበርና ሩት በሰው እርሻ የገባችው በመብቷ ነው። ሦስተኛው የባለ እርሻው የቦዔዝ ቅንነት ነው፤ ሠራተኞቹ እንዳይነኩአት አዘዘ፥ ከውኃቸው እንድትጠጣ ከምግባቸውም እንድትበላ ፈቀደ፥ ከነዶውም ሆን ተብሎ እንዲተውላት አደረገ። የቤተሰብ ፍቅር፥ የአገር ሕግና የአሠሪ ፍትሕ፥ እነዚህ ሦስቱ በአንድነት ሲቆሙ አረጋዊ አይወድቅም። አንዱ ሲጎድል ግን ሁለቱ ብቻቸውን ሸክሙን አይችሉትም።

ቤተክርስቲያን ስለ ሥራ የምታስተምረውም ከዚህ ጋር ይስማማል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ልዮን 13ኛ በ1891 ስለ ሠራተኞች መብት የታወቀውን መልእክታቸውን ሲያወጡ የ81 ዓመት አረጋዊ ነበሩ። ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም በ1981 ባወጡት «ላቦረም ኤክሰርቼንስ» በተባለው መልእክት፥ የሥራ ክብር የሚመነጨው ከሠሪው ሰው ክብር መሆኑን አስተምረዋል፤ የጡረታና የእርጅና ዋስትናም ከሠራተኛ መብቶች አንዱ መሆኑን ገልጸዋል። እንግዲህ ጡረታ ምጽዋት ሳይሆን የሠራተኛ ድርሻ ነው። የአረጋዊን ሰውነት የምታጥበው ሴት ሥራም ከማናቸውም ሥራ አያንስምና ተገቢውን ደመወዝና ዕረፍት ልታገኝ ይገባታል።

አረጋውያንን እንደ ሸክም ብቻ መቊጠርም ስሕተት ነው። ኑኃሚን ከእርሻ ባትውልም ሩትን የመከረችና መንገድ ያሳየች እርሷ ናት፤ የዳዊት አያት የሆነውን ኢዮቤድን በብብትዋ ታቅፋ ያሳደገችም እርሷ ናት። በየቤታችንም አያት የልጅ ልጆችን ስለምትጠብቅ እናት ወደ ሥራ ትሄዳለች። የተጣሉትን የሚያስታርቁ፥ እድሩን የሚመሩ ሽማግሌዎችም ብዙ ናቸው። ይህ ሁሉ በደመወዝ መዝገብ ባይጻፍም ሥራ ነው።

«ይህ የባለጸጎች አገር ጉዳይ ነው፤ የእኛ አገር የወጣቶች ናት» የሚል ይኖር ይሆናል። እርግጥ በኢትዮጵያ 65 ዓመት የሞላቸው ከ100 ሰዎች 3 ያህሉ ብቻ ናቸው። ነገር ግን በ1990 ከ50 ዓመት በታች የነበረው አማካይ ዕድሜ ዛሬ ከ65 ዓመት በልጧል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። በሌላ በኩል በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአዲስ አበባ አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደው 1.8 ልጅ ብቻ ነው፤ ይህም ወላጆችን ለመተካት ከሚያስፈልገው ያነሰ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ዐዋጅ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ሲሆን፥ ከደመወዙ ሠራተኛው 7 በመቶ አሠሪውም 11 በመቶ ያዋጣሉ። ገበሬው፥ የቀን ሠራተኛው፥ የጉልት ነጋዴዋና የቤት ሠራተኛዋ ግን በአብዛኛው ከዚህ ውጭ ናቸው። የእነርሱ ጡረታ ልጅ ብቻ ነው፤ ልጁም ሊሰደድ ይችላል።

ስለዚህ አሠሪዎች ሆይ፥ የሠራተኞቻችሁን የጡረታ መዋጮ ሳታጓድሉ ክፈሉ። ያን መዋጮ ማስቀረት ገና ካላረጀ ሰው የእርጅናውን እንጀራ መንጠቅ ነው። በቤታችሁ የምታገለግለውን እኅትም ጉልበቷ ሳይደክም ስለ ነገዋ አስቡላት። በውጭ አገር የምትኖሩ ልጆቻችን፥ የምትልኩት ገንዘብ ብዙ ቤት ያቆመ ነውና እግዚአብሔር ይባርክላችሁ፤ ድምፃችሁንም አብራችሁ ላኩ። ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ በማለት ወላጆቹን የሚከለክለውን ሰው ጌታችን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ገሥጾታል። እንግዲህ ለቤተክርስቲያን የምንሰጠው መባ እንኳ ለእናትና ለአባት የሚገባውን ሊያስቀርብን አይችልም።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2021 የአያቶችና የአረጋውያን ቀን በየዓመቱ በሐምሌ ወር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በአራተኛው እሑድ እንዲከበር ወስነዋል። በየቁምስናችን ይህ ቀን በጸሎት ብቻ እንዳያልፍ አደራ እንላለን። ልጆቻቸው የተሰደዱባቸው፥ ጧሪ ያጡ፥ ከአልጋ መነሣት ያቃታቸው እነማን እንደሆኑ እንወቅ፤ ወጣቶቻችንም ተራ ገብተው ይጎብኙአቸው። በጎረቤታችን ያለችው ኑኃሚን ሩትዋ ሩቅ ከሄደች፥ የሚቃርምላት ከመካከላችን ይገኝ።

ኑኃሚንን ያልተዋት አምላክ አረጋውያኖቻችንን ይጠብቅልን፤ በባዕድ ቤት የሚደክሙትን ያበርታልን፤ ለሁላችንም ጧሪ ቀባሪ አያሳጣን። አሜን።